አረንጓዴ የለበሰ አይገባም

እኛ ቤት አረንጓዴ መልበስ ከተከለከለ ሰንብቷል። ክልከላው የሚጸናው ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነው። ችግሩ የልብስ ማጠቢያው፣ እንጀራና በርበሬ የምናስቀምጥበት ትልቁ ፍሪዘር፣ የመኪናዬ መፍቻዎች፣ ሁሉም ያሉት እዚያው ጋራዥ ውስጥ መሆናቸው ነው። ከቤተሰቡ መሀል አረንጓዴ ሹራብ ያለኝ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እንጀራ ላወጣ በሩን ስከፍት «ጋሼ፣ ሹራቡን ያውልቁ!» የሚል ጩኸት ይቀበለኛል። በገዛ ቤቴ እንጀራ የማወጣው በካናቴራ ሆኜ ነው።

ሕግ አውጪዋ የእህቴ ልጅ ናት። ጋራዡን ከጣራ እስከ ወለል አረንጓዴ ጨርቅ አልብሳ፣ ግራና ቀኝ መብራት አቁማ፣ ስቱዲዮ አድርጋዋለች። ጨርቁ መጨማደድ የለበትም። ከተጨማደደ ጥላ ይሠራል፤ ጥላ ካለ አረንጓዴው ብዙ ዓይነት ይሆንና ኮምፒውተሩ ግራ ይጋባል። ስለዚህ የራሷን ሸሚዝ ተኩሳ የማታውቅ ልጅ ሰፊውን ጨርቅ በእንፋሎት ካውያ ስትተኩስ ታመሻለች።

መኪናዬ ውጪ ታድራለች። ጋርላንድ ላይ መኪና ውጪ ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ የሰሜን ቴክሳስ ሰው ያውቀዋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሚወርደው በረዶ መስታወት ይሰብራል። አንድ ማታ የመኪናዬን ጣሪያ ጎድጓዳ በጎድጓዳ አድርጎት አደረ። ጠዋት ልጅቷ ወጥታ ጣሪያውን በስልኳ ፎቶ ስታነሳ አየኋትና አዘነችልኝ ብዬ ልቤ ራራ።

«ቴክስቸሩ አሪፍ ነው» አለች፣ «ለፕሮጀክት ይሆነኛል።»

እዚህ አገር ያለ የሐበሻ ልጅ ምን እንደሚማር ሲጠየቅ አንድ ቃል ይበቃዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነርሲንግ ካሉ «እሰይ» ይባላል። ፋርማሲ ካሉ «እሰይ» ላይ «ተመስገን» ይጨመራል። ቪዥዋል ኢፌክትስና ኮምፖዚቲንግ ሲባል ግን ዝምታ ይሆናል፤ ከዝምታው በኋላ «ሥራ አለው?» ይመጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለችው እናቷ ደውላ ስትጠይቀን እኔም ባለቤቴም «ኮምፒውተር ነው» እንላለን። ከኮምፒውተሩ ፊት ስለማትነሳ ውሸት አይባልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ ይቀረጻል። ተራራው ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ይቀረጻል። ዝናቡ ከሌላ ፋይል ይመጣል፤ እሳቱ ኮምፒውተር ውስጥ ይነዳል። የእሷ ሥራ እነዚህን ተያይተው የማያውቁ ነገሮች በአንድ ፀሐይ ሥር፣ በአንድ ሰዓት የተገናኙ ማስመሰል ነው። የጥላው አቅጣጫ መግጠም አለበት፣ የብርሃኑ ቀለም መግጠም አለበት፣ ካሜራው ሲነቃነቅም ሁሉም አብሮ መነቃነቅ አለበት። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባላል። ይህቺ ልጅ የምትማረው ደግሞ የሚያየውን ዓይን እያየ መሸወድን ነው።

የመጀመሪያው የክፍል ሥራዋ አንድ ምሰሶ ማጥፋት ነበር። የሰፈራችንን መንገድ ቀረጸች፤ ሌሊት ሌሊት ስትፈጋ ሰነበተች፤ በመጨረሻ ሳሎን ሰብስባን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳየችን።

«ምን አያችሁ?»

«መንገዱን።»

«ሌላስ?»

«የጎረቤቱን ውሻ» አልኩ፣ አንድ ነገር ላስደስታት ብዬ።

«የመብራት ምሰሶ አላያችሁም?»

«የለም።»

በደስታ ዘለለች። ባለቤቴ ግን ነገር ካልገባት አትለቅም። «ቆይ፣ ታዲያ ያንቺ ሥራ የቱ ነው?»

«የሌለው ነዋ፣ እትዬ! ከነጥላው አጥፍቼዋለሁ!»

«ለሌለ ነገር ነው ይኼ ሁሉ ክፍያ?»

ልጅቷ ለማስረዳት ሞከረች። በእነሱ ሙያ ጥሩ ሥራ ማለት ሰው ያላየው ሥራ ነው። ተመልካቹ «እንዴት አድርገው ሠሩት?» ብሎ ከጠየቀ ገና ይቀረዋል ማለት ነው። ባለቤቴ ቀን ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ውላ፣ ማታ መጥታ ወጥ የምትሠራ ሴት ናት። ሰምታ ስትጨርስ ወደ ማድ ቤት ተነሳች።

«የማይታየውንማ እኔም ስሠራው ነው የኖርኩት» አለች። «ዲግሪ አለው ብሎ የነገረኝ ነው የጠፋው።»

ለነገሩ ይህ ሙያ ለአጠገባችን ለዳላስ እንግዳ አይደለም። መሀል ከተማ ያለውን ማዘጋጃ ቤት ያየ ሰው አይረሳውም። አይ. ኤም. ፔይ የነደፈው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1978 ያለቀ፣ ከታች ጠቦ ወደ ላይ እየሰፋ ወደ ፊት ያዘመመ የኮንክሪት ሕንፃ ነው። በ1987 የወጣው ሮቦኮፕ የተባለ ፊልም ላይ ይኸው ማዘጋጃ ቤት የአንድ ክፉ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ሆኖ ሰማይ ጠቀስ ይሆናል። ታችኛው ክፍል እውነተኛው ሕንፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ሮኮ ጆፍሬ የተባለ ሠዓሊ በቀለምና በብሩሽ ነው የቀጠለበት። ታሪኩ ግን ዲትሮይት ውስጥ ነው የሚለው። ማዘጋጃ ቤታችን በሰው አገር ስም ተቀጥሮ ሠራ ማለት ነው።

ከዚያም በፊት፣ በ1976፣ ሎጋንስ ረን የተባለው ፊልም የ23ኛውን ክፍለ ዘመን ከተማ ፍለጋ ዳላስና ፎርት ዎርዝ መጥቶ ነበር። ፎርት ዎርዝ መሀል ያለው፣ ፊሊፕ ጆንሰን የነደፈውና በ1974 የተከፈተው የውሃ መናፈሻ እዚያ ፊልም ላይ አለ። በአንጻሩ ዓለም ዳላስን ያወቀበት «ዳላስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ የቤት ውስጥ ትዕይንቱ በአብዛኛው የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ዳላስ ዲትሮይትን ትሆናለች፣ ካሊፎርኒያ ዳላስን ትሆናለች። አካውንታንት የነበረ ሰው ፓርኪንግ ሲጠብቅ፣ ዳኛ የነበረ ሰው ታክሲ ሲነዳ ለምናይ ለእኛ ይህ የሚያስገርም አልሆነም።

ሁለተኛው ፕሮጀክቷ የሮቦኮፑ ዓይነት ሆነ፤ አንድ እውነተኛ ሕንፃ መርጦ ማስረዘም። የክፍል ጓደኞቿ የዳውንታውን ሕንፃዎች መረጡ። እሷ የመረጠችው እንጀራ የምንገዛበትን የሐበሻ ሱቅ ነው። ሱቁ ፎቅ በሌለው የገበያ መደዳ ውስጥ፣ በጥፍር ቤትና በቬትናሞች ሾርባ ቤት መሀል ያለ ነው። ካሜራውን በእጇ ይዛ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ሱቁ በር እየተራመደች ቀረጸች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ምስሉ ላይ ያሉ ነጥቦችን እየተከተለ ካሜራው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ያሰላል፤ ትራኪንግ ይሉታል። እሱ ካልተስተካከለ የተጨመረው ፎቅ ቦታው ላይ አይረጋም። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ፎቁ እየተንሸራተተ ሄዶ ቬትናሞቹ ላይ ተቀመጠ።

ሲያልቅ ግን ሱቁ ላይ አርባ ፎቅ ቆመበት። መስታወቱ ላይ የቴክሳስ ደመና ያልፋል። ከታች በሩ ላይ «ጤፍ ገብቷል» የሚለው ወረቀት ሳይቀር በቦታው አለ። ባለሱቁ ሲያይ ዕንባ አቀረረ። አንዱን ምስል አሳትሞ፣ ፍሬም አስገብቶ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕልና ከካላንደሩ መሀል ሰቀለው። እስከዚህ ደህና ነበር። ጉዱ የመጣው ቪዲዮውን ለወንድሙ የላከ ጊዜ ነው።

ወንድሙ ያለው ደብረ ብርሃን ነው። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞሮ ዘመድ አዝማድ ካየው በኋላ መደወል ተጀመረ። አንዱ የአክስት ልጅ አምስተኛው ፎቅ ላይ ክፍት ቢሮ እንዳለ ጠየቀ። አንዷ ልጇን ለሊፍት ሠራተኛነት አጨች። የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ኮሚቴ ከነማኅተሙ ደብዳቤ ላከ። ባለሱቁ «የኮምፒውተር ነው፣ የልጅ ሥራ ነው» ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ይመነው? የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈውን እሱ ነው የሚያውቀው፤ ሰው የሚያውቀው አርባውን ፎቅ ነው። በመጨረሻ ወንድሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለው፦

«ሕንፃውን አትስጠኝ። ግን አትካደኝ።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል የሰማነው ባለላሙ ስለሚያልም ነበር። እዚህ ባለላሙ የለኝም እያለ፣ ያዩለት ናቸው ወተት የሚጠይቁት። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ታፍራለች ስል ክፍል ሄዳ ተናገረችው፤ አጨበጨቡላት አሉ። ውጤቷም ጥሩ ነበር። ያረመው ሰው ብቻ የሰባተኛው ፎቅ ጥላ ትንሽ ገርጥቷል ብሎ ጻፈባት። ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ጥላው የጠየቀ አልነበረም።

አሁን ወደ አረንጓዴው ልመለስ፤ ሹራቤን ስላስወለቀኝ ጉዳዩን አጥንቼዋለሁ። ድሮ በፊልም ዘመን ጨርቁ ሰማያዊ ነበር። በ1940 የወጣው «የባግዳድ ሌባ» የተባለ ፊልም በሰማያዊ ጨርቅ ፊት ተቀርጾ ባለሙያውን ላሪ በትለርን ኦስካር አሸልሟል። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ አረንጓዴ አሸነፈ። የካሜራው ዓይን ላይ ካሉ አራት አራት ነጥቦች ሁለቱ አረንጓዴ የሚያዩ ናቸው፤ ቀይና ሰማያዊ አንድ አንድ ብቻ ይደርሳቸዋል። አደራደሩን ያወጣው የኮዳኩ ብራይስ ቤየር ሲሆን ፓተንቱን ያገኘው በ1976 ነው። የሰው ቆዳም ጠቆረም ነጣ፣ ወደ ቀይ እንጂ ወደ አረንጓዴ አያደላም። እናም ኮምፒውተሩን «አረንጓዴውን አውጣ» ሲሉት ሰውየውን ትቶ ጨርቁን ብቻ ያወጣል። የልጅቷ የትምህርት መጽሐፍ ላይ እንዲህ ነው የሚለው። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን ነጠላ አያውቅም።

ለሦስተኛው ፕሮጀክት ልጅቷ ባለቤቴን ጋራዡ ውስጥ አስቀመጠቻት። ሐሳቡ ቡና ስታፈላ ቀርጾ ጎንደር፣ ፋሲል ግንብ ፊት ማስቀመጥ ነው። ባለቤቴ ፀጉሯን ተሠራች። ቀሚሱ ወጣ፣ ነጠላው ወጣ፣ ረከቦቱ ተዘረጋ፣ ዕጣኑ ጨሰ። እኔ በካናቴራዬ ቆሜ አየሁ።

ኮምፖዚተሮች የሚፈሯቸው ነገሮች አሉ አሉ። ስስ ጨርቅ፣ ጭስ፣ እንፋሎት፣ ከጠርዝ የሚያፈነግጥ ፀጉር። ሁሉም ግማሽ የሚያሳዩ፣ ግማሽ የሚሸፍኑ ናቸው፤ የት እንደሚያልቁ አይታወቅም። እንግዲህ ይህ ዝርዝር የእኛ ቡና ነው። ነጠላው ግማሹ ክር፣ ግማሹ አየር ስለሆነ አረንጓዴው በአየሩ በኩል ገብቶ ነጩ ክር ላይ አረፈና ባለቤቴ ትከሻዋ ላይ ሣር የበቀለባት መሰለች። ልጅቷ አረንጓዴውን ጠበቅ አድርጋ ስታስወጣ ነጠላው አብሮ ሄደ። ላላ ስታደርገው ሣሩ ተመለሰ። ዕጣኑማ ገና ከመጀመሪያው ነው የጠፋው።

ዋናው ጣጣ ግን ጥለቱ ላይ ነው። ጥለቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነበር። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ፈጸመ። ባለቤቴ ቢጫና ቀይ ጥለት ይዛ ፋሲል ግንብ ፊት ብቅ አለች፤ በአረንጓዴው ቦታ ግንቡ በቀጭኑ ይታያል።

ይህን ያላለቀ ሥራ ቅዳሜ ቡና ላይ ለእንግዶች አሳየችው። ከእንግዶቹ መሀል ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር አሉ። ባንዲራ ነክ ነገር ሲያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። መነጽራቸውን አጠለቁ።

«አረንጓዴው የት ሄደ?»

«ኮምፒውተሩ አውጥቶት ነው፣ መምህር።»

«ኮምፒውተር በራሱ ባንዲራ አይነካም። ያዘዘው አለ።»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

«አንቺንስ ማን አዘዘሽ?»

«አስተማሪዬ።»

«የየት አገር ሰው ነው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዳላስ ሐበሻ የሆነ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። አረንጓዴው ልምላሜ ነው ተባለ፤ ልምላሜያችን ሲወጣ እያየን ዝም አንልም ተባለ፤ የለም ቢጫው ነው ልምላሜው ያሉም ተገኙ። አንዱ ጥለቱን ትቶ ግንቡን የሠራው ማን እንደሆነ ሌላ ክርክር ከፈተ። ነገሩ ከአቦል እስከ በረካ ዘለቀ። ልጅቷ ጥግ ይዛ ማስታወሻ ስትጽፍ ነበር። ኋላ ሳየው «ጥለቱ በእጅ» የሚል ብቻ ነው።

ሰማያዊ ጨርቅ ቢሰቀልስ? ብዬ እኔ ሐሳብ አቀረብኩ። የማስበው ስለ ሹራቤ እንደሆነ አልደበቅኩም። የባለቤቴ ቀሚስ ላይ ሰማያዊ መስቀል ስለተጠለፈ ሐሳቡ ወደቀ።

በእጅ ማለት ሮቶ ነው። ማክስ ፍላይሸር በ1917 ፓተንት ያወጣበት ጥንታዊ ሥራ ነው፤ የተቀረጸውን ምስል አንድ በአንድ እያስቆሙ ጠርዙን በመስመር መከተል። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። አሥር ሴኮንድ ቡና መቅዳት 240 ምስል ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ላይ ነጠላው ትንሽ ተንቀሳቅሷል፣ ጥለቱ ትንሽ ታጥፏል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው ሮቶ ሳይሠራ አልቀረም። ለሥራ ስነሳ ልጅቷ ሳትተኛ አገኛታለሁ፣ አፍንጫዋ ስክሪኑ ላይ፣ የአክስቷን ትከሻ ስትከተል።

«እኔ ላይ እንዲህ የደከመ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች ባለቤቴ። ይህን ስትል የምታየው እኔን ነው።

በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ልፋት አልነበረም። ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱ አርመኖቹ ፎቶ አንሺዎች ቦያጂያኖች ነበሩት፤ ለእኛ ለቀረነው የሰፈሩ ፎቶ ቤት ይበቃ ነበር። የቤቱን ኮትና ከረባት ተውሰን፣ ሐይቅና ዘንባባ በተሣለበት ጨርቅ ፊት ቆመን፣ «እንዳትንቀሳቀስ» ሲባል ትንፋሻችንን እንይዛለን። የጨርቁ ስፌት ሰማዩን ለሁለት ይከፍለዋል። ሐይቁ የሚያልቀው ሊሾ ወለል ላይ ነው። ያየ ሁሉ ጨርቅ መሆኑን ያውቃል፤ ማንም አልተታለለም፣ ማንም ቅር አላለውም፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ሃምሳ ዓመት ይኖራል።

ዛሬ ሰዉ ጨርቅ አይበቃውም። ልጅቷ ኮምፒውተር ትችላለች መባሉ ከተሰማ ጀምሮ ትእዛዝ በዝቷል፤ ሁሉም በነጻ። አንዱ ላሊበላን ከኋላው ይፈልጋል። አንዷ በሠርጓ ፎቶ ላይ ያለች አንዲት ሚዜ ትጥፋልኝ አለች፤ ምክንያቱን አልጠየቅንም። ብዙዎቹ የሚያመጡት ግን ያረፈ አባት ነው። ልጁ ዲግሪ ተቀብሏል፣ አባቱ አጠገቡ ቢቆሙ ይላል። ችግሩ አባትየው ያላቸው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ከደረት በታች የሉም።

የጎደለው አካል የሚገኘው ከእኔ ነው። ሱፌን ለብሼ አረንጓዴው ጨርቅ ፊት እቆማለሁ፤ እጄን ባዶ አየር ላይ፣ የተመራቂው ትከሻ ይሆናል በተባለበት ቦታ ላይ አሳርፋለሁ። ልጅቷ ከአንገቴ በላይ ቆርጣ ታወጣኛለች፤ የሰውየውን ራስ ትተካለች፤ የቆዳውን ቀለም ከእጄ ጋር ታስማማለች። በጋርላንድና በሪቻርድሰን ቤቶች ግድግዳ ላይ የማላውቃቸው ልጆች አባት ሆኜ ተሰቅያለሁ። ምሥጋናው ለልጅቷ ነው፣ ራሱ የሟቹ ነው። አንዲት ባልቴት የባለቤታቸውን ምስል ደጋግመው አይተው ዕንባቸውን ጠረጉና «ወፍሯል» አሉ። «እዚያ ተመችቶታል መሰለኝ።»

ስለ ሥራው የሚጠይቀን አላቆመም። ልጅቷ እዚሁ አጠገባችን ኧርቪንግ የነበረውን ዲኤንኤ ፕሮዳክሽንስን ጠቀሰችልን። በ2001 ጂሚ ኑትሮን የተባለውን ፊልም ሠርቶ ለኦስካር እስከ መታጨት የደረሰ ድርጅት ነው፤ ዛሬ የለም። የዳላሱ ሪል ኤፍኤክስ በ2014 «ዘ ቡክ ኦፍ ላይፍ» የተባለውን ፊልም ሠርቷል። ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ዛሬ የለም» የሚለውን ነው።

ባሰባትና ደግሞ የ2013ቱን ተረከችልን። ላይፍ ኦፍ ፓይ የተባለው ፊልም ላይ ጀልባ ውስጥ ያለውን ነብር የሠራው ሪዝም ኤንድ ሂውዝ የተባለ ድርጅት ኦስካር ባሸነፈበት ወር ኪሳራ አውጆ ነበር። ከሽልማቱ አዳራሽ ውጪ የሙያው ሰዎች ሰልፍ ወጥተዋል። የድርጅቱ ባለሙያ ቢል ዌስተንሆፈር መድረክ ላይ ሽልማቱን ይዞ የድርጅቱን ችግር ማንሳት ሲጀምር የሻርኩ ፊልም፣ የጆውስ ሙዚቃ ተለቀቀበት፤ ማይክሮፎኑም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ፌስቡክ ላይ የገዛ ፎቷቸውን እያነሱ ባዶ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ሰቀሉ። የእኛ ሥራ ባይኖር የምታዩት ይህን ነበር ማለታቸው ነው።

ለባለቤቴ የኪሳራው ነገር አልገባትም። ሌላ ነገር ነው የያዛት።

«ነብሩ የውሸት ነው?»

«በአብዛኛው፣ እትዬ።»

«ታዲያ እኔ ለልጁ የፈራሁለት ለምንድን ነው?»

ከዚያ ወዲህ ግን ሲኒማ ቤት ስንሄድ መብራት ሲበራ አንነሳም። ሌላው ሰው ኮካውን ጥሎ ሲወጣ እኛ ሦስታችን ተቀምጠን ከስክሪኑ ግርጌ ወደ ላይ የሚሄዱትን ስሞች እናነባለን። ሕጉን ያወጣችው በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ናት። የማይታይ ሥራ የሠራ ሰው ቢያንስ ስሙ ይታይለት ትላለች። ሲያልፍም የሐበሻ ስም እንፈልጋለን። ይህ ቀላል አይደለም። ስማችን የመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ ዳንኤልም ሣራም የሁሉም አገር ሰው ናቸው። የአባት ስም መታየት አለበት፤ የአባት ስም ላይ ስንደርስ ስሙ ጣሪያ ገብቷል።

በቀደም አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያና አካፋ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀን ቆየች። አንገቷ ላይ ማተብ አለ።

«አልቋል እኮ» አለችን በአማርኛ።

«ስም እየፈለግን ነው።»

«የማንን?»

«የሐበሻ፤ ካለ።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀረብ አለች። «እዚህኛው ላይ የለም፤ እኔ ሁሌ ነው የማየው። ጥግ አዳራሽ ያለው ፊልም ላይ ግን አንድ ብሩክ አለ።»

ባለቤቴ ከወንበሯ ተነሳች። «የማን ልጅ?»

«እሱን ገና ነኝ። ብሩክ ሲመጣ ሁሌ ጎንበስ ብዬ ፖፕኮርን እየጠረግሁ ነው። ነገ የማታ ፈረቃ ነኝ፣ አየዋለሁ።»

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ ብሩክ የሴትም ስም ነው» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። ባለቤቴ ስልክ ቁጥሯን እያስያዘች ነበር።